የማይታየው ክምችት

ኅዳር 3 ቀን 1976
ሦስት ክፍል ፊዚክስ አስተማርሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ፎቶው። ውጭ አገር ያለው የድሮ ጓደኛዬ የላከልኝ ነው፤ አንድ የጋላክሲዎች ክምችት፣ ሞላላ ሞላላ ነጠብጣብ። የአርባዎቹን ዝንባሌ በፕሮትራክተር ለካሁ። ብዙዎቹ ወዳንድ አቅጣጫ ያጋደሉ ይመስላሉ። የማይታይ ቁስ አካል ይሆን የሚጎትታቸው? ወይስ ዓይኔ ነው? ዓይኔን አላምነውም።

ኅዳር 5
የሒሳብ መምህርቷን ጀሊላን ለመንኋት። የእኔን ሳታይ ለካች።
«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የፈለጉትን ነው የሚያዩት» ብላ ሳቀችብኝ። ግን ከአርባው በሠላሳ አንዱ ተስማማን። ቁጥሯን ከእኔው ጎን ጻፈች። እኔ ከሥር ጓደኛዬ በደብዳቤው ያለውን ጻፍሁ፦ «በዚህ ክምችት የማይታየው ከሚታየው አሥር እጥፍ ይበልጣል።»

ኅዳር 8
ወረቀቱ ከመሳቢያዬ የለም። በመምህራን ክፍል አጠገቤ የሚቀመጠው አምባቸው ዛሬ ቀድሞኝ ሰላም አለ። በሌላ ቀን አንገቱን አይነቀንቅም... ምን ተገኘ?

ኅዳር 10
ቀበሌ ተጠራሁ። ወረቀቱ ሊቀ መንበሩ አስናቀ ፊት ተዘርግቷል።
«ጓድ መምህር፣ ክምችቱ የት ነው?»
«ሰማይ ላይ።»
«ጤፍ? ሰማይ ላይ?»
ዘበኛው ሳቀ። አስናቀ አልሳቀም። እህል የደበቅሁ መስሎታል።
«አሥር እጥፍ ደብቀህ ነው ሰማይ የምትለኝ? ይኼኛውስ የማን ጽሕፈት ነው?»
የጀሊላ አባት ወሬታ እህል ይነግዳሉ። ስሟን ከጠራሁ አለቀላቸው።
«ሁለቱም የኔ ነው። አንዱን በግራ እጄ ነው የጻፍሁት።»
«ጻፍ እስቲ።»
ጻፍሁ። ተንጋደደ። ከወረቀቱ ጋር አስተያየው። ፈራሁና ማስረዳት ጀመርሁ።
«ገበያ ቀን ኮረብታ ላይ ቆመዋል እንበል። ገበያው አይታይዎትም። አህያው ሁሉ ወዳንድ በኩል ካቀና ግን ወዲያ ገበያ አለ ማለት ነው። ለምሳሌ ወሬታን ቢወስዱ...»
«ወሬታ» አለና ጻፈ። አሰናበተኝ።

ኅዳር 11
ለምን ለቀቀኝ?

ኅዳር 15
ትናንት ወሬታ የእህል መጋዘኖች ሁሉ ተፈተሹ። የጀሊላን አባት ወሰዷቸው፤ አሥራ ሁለት ኩንታል ማሽላ ተገኘባቸው አሉ። በወሬታ ፈንታ አንበሳሜ ብል ምን ነበረበት?
ከሥራ ስወጣ ጀሊላ ሐይቁ ዳር ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።
«ጋሼ፣ ስሜን ጠርተዋል?»
«አልጠራሁም።»
«ይማሉልኝ።»
ማልሁላት። አመነችኝ።
«እንግዲያ አምባቸው ነው» አለች።
አይደለም አላልሁም።