መረቡን የያዘው ጣሪያ

ቀጮዬ፣ እንደምን ከረምክ?

ዛሬ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ላይ ወጥቼ ነበር። የእኛን ወንዝ በበጋ ሱሪያችንን ሰብስበን እንሻገረው የለ? ይሄኛው ግን አንድ መንደር ሙሉ ውጦ ዝም ያለ ውሃ ነው። መሀል ላይ መረቡ ከታች ተያዘ። ልጎትት ስል ሰውየው፣ «ተወው፣ የቤታችን ጣሪያ ነው የያዘው» አለኝ። አምና ታናሽ ወንድሙ መረቡን ላላቅቅ ብሎ ጠልቆ እዚያው ቀርቷል።

«ታዲያ ለምን እዚህ ታጠምዳለህ?»

«ዓሣው የሚበዛው ቤታችን ዙሪያ ነዋ! ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለና መረቡን በቢላ ቆርጦ ለቀቀው።

ምሳ እናቱ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልን። «ብላ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፤ እሳቸው ግን አልነኩትም። እኔም እጄን ሰበሰብኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ሰላም በልልኝ። ታናሽህን ደግሞ አደራ፣ አጥብቀህ ሳምልኝ።