የልብስ መኪናው ጥግ

ሐረር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለለተማርያም
አሰበ ተፈሪ

እንዴት ነሽልኝ? ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ዝናብ ጠብ አላለም፤ እኔም እንዳለሁ አለሁ። እናትሽ ተሽሏቸው ቤተ ክርስቲያን መሳም መጀመራቸውን ወንድምሽ ኪዳነወልድ ወደዚህ ብቅ ሲል ነገረኝ፤ ተመስገን ነው። ስለ መምጣትሽ ግን አላነሳም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁትም።

እንደ እናት «አይ» የምንላቸው አከራያችን አይ ዘቢባ ባገኙኝ ቁጥር «ለተ መች ትመጣለች?» ይሉኛል። በቅርቡ እላለሁ። «ኢንሻአላህ» ይሉና ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። የልብስ ስፌት መኪናሽን አስጭነሽ ስትሄጂ ደጅ ቆመው ነበርና፣ እናቷን ልታስታምም የምትሄድ ሰው መኪና ምን ያደርግላታል ብለው ይሆናል። ወደዚያ እንድዛወር ባልሽው ነገር መጣላታችንን ለማንም አልተነፈስኩም።

ሰሞኑን ለስድስተኛ ክፍል የተጣመሩ ቅርጾችን ስፋት አስተምራለሁ። ትዝ ይልሻል? ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ልጆቹ አልገባ ብሏቸው ተናድጄ ስመጣ፣ አንቺ መደቡ፣ ነደባው ላይ ጨርቅ ዘርግተሽ ትቆርጪ ነበር። አንድ ጥጉ የጎደለ ቁራጭ አነሳሽና በመቀስ ለሁለት ከፈልሽው። «ይኸው ሁለት አራት ማዕዘን። ለየብቻ ለክተህ ደምረው፤ ይሄ ምን ያስቆጣል?» አልሽኝ። በማግስቱ ቁርጥራጩን ይዤ ክፍል ገባሁ። እስከ ዛሬም የማስተምረው በሱ ነው፤ ሙያው ያንቺ፣ ደመወዙ የኔ። እንዴት ያለ ደግ ዘመን ነበር!

ዘንድሮ ልጆቹን የየቤታቸውን ወለል ከነመደቡ ለክታችሁ ኑ አልኳቸው። የአይ ዘቢባ የልጅ ልጅ ሩቂያ ሥዕሏ አምሮ ድምሯ ጎደለ። ለካ የአባቷን ነደባ ትታዋለች። ምነው ብላት፦

«ጋሼ፣ አባ እኮ ጅዳ ሄዷል። እስኪመጣ ማንም አይቀመጥበትም፤ ምን ብዬ ልቁጠረው?»

ሰው ባይቀመጥበትም ከቤቱ ስፋት አይወጣም አልኳትና በቀይ አረምኩላት። ልጆቹ ሲስቁ እሷ አቀረቀረች።

ስመለስ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ በመኪና ግርግር አለፍኩ። የሰፊዎቹ መኪና እንደ ዱሮው ይንጫጫል፤ የመኪናሽን ድምፅ ከሁሉ እለየው ነበር። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው ትዝ ያለኝ። ለፋሲካ አዲስ ሰሌን እንድትሠራልኝ ለጎረቤታችን ለመርየም የክፍሉን ልክ ስሰጣት፣ መኪናሽ የነበረበትን ጥግ ትቼው ነበር። ባዶ ነው ብዬ። አየሽ፣ ለተ፤ ልጅቱን ያረምኩበትን እኔው ሠርቼዋለሁ።

ወዲያው መርየም ዘንድ ሄጄ ጥጉን ጨምሪልኝ አልኳት። «ወላሂ አጋምሼዋለሁ፤ ብቀጥለው መጋጠሚያው ይታያል» አለችኝ። ይታይ አልኳት።

ሩቂያም አስተካክላ አመጣች። ነደባውን ጨምራ በመሃሉ «የአባ» ብላ ጽፋበታለች።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ሐረር መድኃኔ ዓለም አንቺንም ይጠብቅልኝ። ደግሞ ኪዳነወልድን አደራ በይው፦ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቅልኝ። ከጀጎል አልወጣም ማለቴን አልረሳሁም። ግን ሰሌን ተጠቅልሎ ይጫናል፤ መኪናሽን የትኛው ጥግ እንዳስቀመጥሽው ብቻ ጻፊልኝ፣ ልኩን ለመርየም እነግራታለሁ።

ያንቺው
አባይነህ