በሬዎች የረገጡት ኩሬ

ሐምሌ 14 ቀን 1893

ልጄ ሩበን፣ በካናዳ ምድር እግርህን እንቅፋት አይንካው። እጄ ስላበጠ ቃሌን የምትጽፍልህ እህትህ ሜርሲ ናት። ላስጨንቅህ አልፈለግሁም ነበር፤ ዝም ማለት ግን አቃተኝ።

የኮረብታው ኩሬያችን እየጎደለ ነው። የጎረቤታችን የቶምሴት በሬዎች አጥር ጥሰው ገብተው፣ ውሃ እንዲይዝ የተደቀደቀውን የሸክላ አፈር ወለል በኮቴያቸው በሱት። በግ ቢሆን ቀላል ነውና ባልጎዳው ነበር። ከሥሩ ያለው ኖራማ ድንጋይ እንደሆነ ውሃ አይዝም። አባትህ "በሬዎችህ ኩሬዬን ጨረሱት" ቢለው፣ ቶምሴት "ታዲያ በጎችህ ቢራ ይልመዱ!" ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ውሃው ካለቀ በጎቹን መሸጣችን ነው። ሸክላ አፈር አምጥቶ ለመድፈን የቶምሴት ጋሪ ያስፈልገናል። ሜርሲን "ሂጂ ለምኚው" ብላት ፊቷ ቀላ።

ዕድሜህ ይርዘም፣ እንጀራህ ይባረክ። ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፍልኝ።

እናትህ

ሩብዬ፣ ይሄ የኔ የሜርሲ ነው፤ ለእማማ አላነበብኩላትም። ሰው ፊት ስቆም ቃል እንደሚጠፋብኝ ታውቃለህ። ነገ ጠዋት ግን ቶምሴት በሬዎቹን ሳይጠምድ በሩ ላይ እቆማለሁ። መናገር ቢያቅተኝ እንኳ፣ እጅጌውን ይዤ ኩሬው ድረስ እወስደዋለሁ።