የወይዘሮ ኑዋላ የመጨረሻ ክምር

ለተከበሩ የአውራጃችን የአየር ንብረትና የኃይል ጉዳዮች ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይም የቢሮዎን ሙቀት እየጠየቅሁ፣ እኛ የክሎናቫርን መንደር ሰዎች፣ ሳሉ ካልተቆጠረ፣ ደኅና መሆናችንን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ከረግረጉ ቆርጠን፣ በፀሐይ አድርቀን የምናነደውን አፈር፣ ተርፍ የምንለውን፣ ከእንግዲህ እንዳንነካ ስለ ወሰኑልን አመሰግናለሁ። ይህን ያለ ስላቅ ነው የምለው፤ ረግረጉ መዳን አለበት። በምትኩ ከብርዱ ወራት በፊት በየቤቱ ይገባል ያሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ዛሬም ተራ እየጠበቀ ነው፤ ብርዱም አብሮት ተራ የሚጠብቅ መስሎዎት ከሆነ አልፈርድብዎትም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ወር አውሎ ነፋሱ የመብራት ምሰሶዎቻችንን ሲጥል፣ መቼ እንደሚጠገን ዝርዝሩን፣ ያለ መብራት፣ በድረ ገጽዎ እንድንመለከት ስለ መከሩን እናመሰግናለን። ሳቅም ትንሽ ያሞቃል።

ሦስተኛው አቤቱታ በእኔው ላይ ነው፤ ለማን እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ለእርስዎ ላክሁት። ባላቸው የሞተባቸውን ጎረቤቴን፣ ወይዘሮ ኑዋላ ጌራቲን፣ «ማሞቂያው በእርግጥ ይመጣል» ብዬ፣ የእርስዎን ቃል እንደ ራሴ ቃል አድርጌ፣ የተርፍ መሬታቸውን እንዲለቁ ያግባባሁት እኔ የመንደሩ የአየር ንብረት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የቀራቸው ከጓሯቸው እንደ ኩበት የተከመረው ያምናው ተርፍ ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ በራሴ ወጪ ማሞቂያው ሳይቀር ሁሉ ነገሩ በኤሌክትሪክ ከሆነው ዘመናዊ ቤቴ ልጆቼን ይዤ ደጃቸው ቆምኩ።

«ግባ እንጂ አንተ ሰውዬ! ስብከቱን ከሞቅህ በኋላ ትቀጥላለህ» አሉኝ።

መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ክምሩን አንድደን ጨረስነው። አሁን እሳቸው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ። እኛ ቤት ይግቡ ብላቸው ምድጃዬን ትቼ የትም አልሄድም አሉ፤ እንጨት ገዝቼ ብወስድላቸው ለልጆችህ አድርገው ብለው መለሱልኝ። እኔም በሞቀ ቤቴ እንቅልፍ አጥቼ አድራለሁ፤ አፍራለሁ፣ ክቡር ሆይ። እባክዎ የእኔን ቃል ባያከብሩ እንኳ የራስዎን ያክብሩና ማሞቂያውን ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ለእሳቸው ያስገቡላቸው።

ከጥልቅ አክብሮትና ከሞቁ እግሮች ጋር፣
የተስፋዎ ታማኝ አከፋፋይ፣
ፊያክራ ሎወሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳነብላቸው ወይዘሮ ኑዋላ «ሰውየውን አትቆጣው፤ እሱም በርዶት ይሆናል፤ ይምጣ በለው» ብለዋል። እንግዲህ ይምጡ። ወንበር አለ፤ እሳቱን ግን እኔ ጨርሼዋለሁ።