አፍንጫዋ የቀለለ መኪና

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሙሳፋ፣ ጋራዥ ሰፈሩ። ሱቅ በሰዓቱ ተከፈተ። ጠዋት ለአንድ ሚኒባስ አራት ጎማ፣ ከሰዓት ምንም። የመደርደሪያውን አቧራ ሳራግፍ ስልክ ጮኸ... ሀይፋ።

«ኤልሳ! ነይ! ባባ መኪናዋን ሊሸጥ ነው!»

«ነይ»ን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አል ዓይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሳሳድጋት። ያኔ አባቷ ባባ ሐሚድ ካፊሌ፣ ማለትም ቀጣሪና ዋሴ፣ ነበሩ። ዛሬ እሷ መሐንዲስ፣ እኔ የጎማና የቸርኬ ነጋዴ። ስትደነግጥ ግን አሁንም አማርኛ ይቀድማታል።

መኪናዋን አውቃታለሁ። የ1993 ቶዮታ፣ ነጭ፣ ወንበሯ ሁለት፣ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ። ሀይፋ በልጅነቷ መስተዋቷ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ የምትውልባት። ገዢ ከዱባይ እሑድ ኅዳር 21 ይመጣል አሉ።

ነገ እሄዳለሁ። ለማዳን ነው ለመግዛት? እስቲ መጀመሪያ ልያት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አል ዓይን ደርሼ መጣሁ። ባባ ሐሚድ ጨርቁን ራሳቸው ገለጡልኝ። ወዟ እንዳለ ነው።

«ለምን ይሸጧታል?»

«አትታዘዘኝም። አምና በብርዱ ጀበል ሐፊት ተራራ ላይ መሪውን አዞርኩ፣ እሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ግንቡ ጋ ልንደርስ ትንሽ ቀረን።» እጃቸውን አሳዩኝ። «አርጅቷል። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ ወዲህ አልነዷትም። ሀይፋንም አያስነኳትም። እኔን ያልሰማች አንቺን ልትሰማ ነው? ይሏታል።

ተንበርክኬ አየሁ። የኋላ ጎማዎቿ ሰፊ፣ የፊቶቹ ቀጭን። ቀጭን ብቻ ሳይሆን የደረቁ። እጅ ነው ያረጀው? እንጃ...

«የፊቱን ቸርኬና ጎማ በሰፊ ልለውጥልዎ። ቅዳሜ በ20 ራስዎ ይንዷት። እንቢ ካለች እሑድ ይሽጧት።»

ሳቁ። «ነጋዴ! እንቢ ካለች ራስሽ ልትገዢያት ነው አይደል?»

ስመጣ መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። በጭነት መኪና አስጭኜ ወደ ሙሳፋ ይዣት ተመለስኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ቸርኬ ፍለጋ። የለም። የለም። ስፋቱ ሲገኝ የብሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም። ደስ ብሎኛል ግን። ለምን?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጥንድ ተገኘ! ጋሽ ምንተስኖት ገጠመው። የሱቄ መካኒክ ነው፤ ስልሳ አልፎታል፣ ከእኔ በቀር ማንንም አይፈራም። እኔንም አይፈራም።

የጎማውን ትከሻ ጠመኔ ቀባሁ። መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ። ከዚያ ባትሪ ይዤ ውስጡን አየሁ። ሞላው ላይ ነጭ መስመር! ነክቷል።

«ቸርኬው በጣም ወደ ውስጥ ገባ» አለ ጋሽ ምንተስኖት።

«ወደ ውጭ የሚወጣ ላምጣ?»

«ልክ አለው። ከፓራፋንጎው ካለፈ ፍተሻ ላይ ይጥሉሻል። አንዲት ጣት ብቻ ወደ ውጭ።»

አንዲት ጣት። ለአንዲት ጣት ስንት ኪሎ ሜትር ልሄድ ነው?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ልኩ ተገኘ! አል ዓይን ሰናዒያ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ውስጥ፣ ከተሰበረ ፍሪጅ ጀርባ። ሰውየው መቸኮሌን እንዳያውቅ ሩብ ሰዓት ስለ ፍሪጁ ጠየቅሁት። ቸርኬዎቹን እግረ መንገዴን ያየሁ መሰልኩ። ፍሪጁንም ሊያስይዘኝ ነበር።

ሰፊውን አዲስ ጎማ ከራሴ መደርደሪያ። ጋሽ ምንተስኖት ገጠመ፣ እኔ ጠመኔ ቀባሁ። የትም አልነካም! ከፊት ሆኜ አየኋት። ለመዝለል የተዘጋጀች ድመት... መሬቱን ቆንጥጣ ይዛለች።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጥሩ ንግድ። ሁለቱን ቀጫጭን የድሮ ቸርኬዎች የሻርጃ ሰው መጥቶ ወሰዳቸው። እሱም እንዲህ ያለች መኪና አለችው። «ሦስተኛ ቢኖር» አለ። የፊት ኮፈኗን ከፈትኩ። ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል፤ እሱም ቀጭን፣ ከአዲሶቹ ጋር የማይመሳሰል። አውጥቼ ሰጠሁት። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ዕቃ ማየት አልችልም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጀበል ሐፊት፣ ሙከራ። እኔ መሪው ላይ፣ ሀይፋ አጠገቤ። የታችኞቹ መታጠፊያዎች... ግሩም! ሀይፋ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ።

ከዚያ ዳገቱ በረታ። መታጠፊያው ጠበበ። መሪው እጄ ላይ ቀለለ። አዞርኩት፣ አፍንጫዋ ግን ወደ ውጭ ተንሸራተተ። ቀስ እያልኩ ስለነበር አላስደነገጠም። ግን ያው ነው፤ ባባ ሐሚድ ያሉት ራሱ።

አቆምኩ። ሀይፋ ወደ ውጭ እያየች፣ «ባባ ልክ ነው» አለች።

ሰፊው ጎማ ምን ሠራ ታዲያ?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። በጾም መዋሸት አይገባም፤ በግልጽ ልጻፈው። ካልተሳካ መኪናዋ የእኔ ናት። ባባ ሐሚድ ለማያውቁት ከሚሸጡ ለእኔ ይሸጣሉ። በሳምንት ውስጥ ገዢ አላጣላትም። ታዲያ ምን አናደደኝ?

የሀይፋ ፊት። የአባቷም እጅ። ዘጠኝ ዓመት ያየሁት እጅ ነው፤ አላረጀም።

ጋሽ ምንተስኖት የፊት ኮፈኑን ከፈተ። ባዶው ጉድጓድ ላይ አጎነበሰ።

«አንቺ ኤልሳ። ስኮርታው የታለ?»

«ሸጥኩት።»

«ሸጥሽው?»

«አይገጥምም እኮ!»

«ለመግጠም ብቻ ነው እንዴ የተቀመጠው? ሞተሩ ከኋላ፣ አንቺ ከመሃል፣ ከፊት ምን ክብደት ቀራት? ዳገት ላይ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ይተኛል። አምና ያንሸራተታት የደረቀው ጎማ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሰፊ ጫማ ገዛሽላትና እግሯን ከመሬት አነሳሽባት!» እስኪያስለው ሳቀ። «ነጋዴ!»

በዚህ ቃል የሳቀብኝ ሁለተኛው ሽማግሌ። እኔም ሳቅሁ። በሽታው ታወቀ! ታወቀ!

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የሻርጃው ሰው ጋ ደወልኩ። ስኮርታውን አይመልስም። «ሹክራን፣ ጥሩ ዕቃ ሰጠሽኝ» ይለኛል። እኔም ብሆን አልመልስም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

እራቴን ረስቼ ነው የምጽፈው። ከደስታ።

ስኮርታ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጠዋት መኪናዋን ይዤ አል ቶዋያ ደረስኩ። ሀይፋን «ከባድ፣ የማይንከባለል፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚተኛ ነገር» አልኳት። ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ሃያ ኪሎ ሩዝ! በቀበቶ ጠፍረን አሰርነው።

ባባ ሐሚድ ኮፈኑን ከፈቱ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሽርሽር ነው የምንሄደው?»

«ስኮርታው ነው።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሸጤንም። እንዲህ ያለ ስህተት ለደንበኛ ተናግሬ አላውቅም።

አዩኝ፣ አዩኝ። «ያላ፣ ግቢ። የሠራሻት አንቺ ነሽ። ከወደቅንም አብረን።»

ወንበሩ ሁለት ነው፤ ሀይፋ ከተራራው ሥር ቀረች።

መጀመሪያ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዱ። ከዚያ ትንሽ ፈጠን። ከዚያ ያ መታጠፊያ... አምና የከዳቻቸው። መንጋጋቸው ጠበቀ። እኔ የበሩን እጀታ ያዝኩ። መሪውን አዞሩ።

ዞረች! እንዳዘዟት ዞረች!

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«እጄን አየሽ?»

«አየሁ ባባ፣ አየሁ!»

ማርሽ ቀየሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ስጮህ ነው የማስታውሰው። እሳቸውም ይጮሁ ነበር። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው!

ስንወርድ ሀይፋ ለቁልፉ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እኔ ወረድኩ። እሳቸው አልወረዱም። «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ዞሩ። ብቻቸውን! አጠገባቸው ባዶ ወንበር እያለ! ሀይፋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

ምሳ ላይ ሥጋውን ገፋ አደረጉልኝ። ጾም ነው አልኩ። «የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው!» ሳይጨርሱ ሚስታቸው ማዳም ሙኒራ ከማድ ቤት ጮኹ፦ «ሩዜን ማን ወሰደው?»

ሦስታችንም ሳህናችንን አየን።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የዱባዩ ገዢ ባለፈው እሑድ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ልኩ የሆነ ስኮርታ ተገኘ፤ ወሰድኩላቸው። ባባ ሐሚድ ቤት የሉም። ተራራ ላይ ናቸው። በየቀኑ ነው አሉ። ሀይፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«አላስነካኝም ኤልሳ። አንድ ቀን እንኳ! እኛ አዳንናት፣ እሱ ወሰዳት።»

«ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል... ሲገባ ሲወጣ ያፏጫል።» ወደ መንገዱ አየች። «ለእኔም ፈልጊልኝ። ቀይ።»

ሱቅ ተመልሼ ፈለግሁ። ራስ አል ኸይማ ከተማ አንዲት አለች። ቀይ! የፊት ጎማዎቿ ቀጭን። ደወልኩ። ድሮ ቢሆን ከባለቤቱ ጋር ሰላምታው ሳያልቅ «የመጨረሻው ስንት ነው?» እል ነበር።

«ስኮርታው አለ?» አልኩት።