ቦራ በግራ በኩል

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ብሩክ ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቱንም ጊዜ በድረ ገጹ ፎቶ ላይ ስላሉት በሬዎች ነው። «ከገጹ ወጥተው የሚሄዱ ይመስላሉ እኮ! ወደ ፊልሙ ስም ይዙሩልኝ።» እውነቱን ነው። ስሙ በቀኝ ተጽፏል፣ በሬዎቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ አራሹ ተዋናይ ከኋላ። ፎቶውን እንደ መስታወት ገለበጥኩት። አንድ ጠቅታ ነው። አሁን በሬዎቹ ወደ ስሙ ይሄዳሉ። «ይኸው! አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አለ።

ብሩክ የፊልሙ ባለቤት ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል፣ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ፊልሙ ቅዳሜ ይመረቃል። ድረ ገጹን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሞላሌ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። ይሄ ካማረለት የሚቀጥሉት ሁለት ፊልሞች የእኔ ናቸው ብሏል። ሁለት ፊልም ማለት አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ነው። ካላማረለት ግን ሥራ የለም፤ እዚህ አገር ድረ ገጽ የሚያሠራ ሌላ ሰው እንደሁ የለም።

ገጹን እስካሁን ስንት ሰው ጎበኘው ብዬ ቆጣሪውን አየሁ። ሃያ ሦስት። አሥራ ዘጠኙ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የቀረኝ፦
የተዋንያን ፎቶ (ዋናዋ ተዋናይ ፎቶዋን አልወደደችውም፣ ሌላ ትልካለች ተብሏል፣ አልላከችም)
የማስታወቂያው ቪዲዮ፣ በዚህ ኔትወርክ መጫኑ ተአምር ነው
የሲኒማ ቤቶቹ ዝርዝር
ምሳ መብላት

ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይደክማል፣ ኮምፒውተሬም አብሮ። ስለዚህ ሥራዬ በሰዉ እህል ይወሰናል። ብዙ ገብስ የመጣ ቀን እኔ ሥራ ፈት ነኝ።

ዛሬ ገብስ ይዘው ከመጡት አንዱ ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ሲያገኙኝ ሁሌ ቆመው ይጠይቁኛል። ፊልሙ ባለፈው ዓመት እዚሁ ሜዳችን ላይ ሲቀረጽ ጥማዱን ያዋሱት እሳቸው ናቸው። ተራቸው እስኪደርስ ብዬ ጠርቼ አስገባኋቸውና ገጹን ከፈትኩላቸው። ደስ እንዲላቸው ነበር። እኔም፣ መዋሸት አይገባኝም፣ ጎበዝ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

ረጅም ጊዜ አዩ። ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ። ከዚያ ዞረው፦

«ቦራን በግራ ማን ጠመደው?»

አልገባኝም። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፣ ዳለቻ ግራጫው። «ቦራ የቀኝ በሬ ነው። ተወልዶ ከተገራ ጀምሮ በግራ ቆሞ አያውቅም። ሰባት ዓመት አርሼበታለሁ። ይሄ የእኔ ጥማድ አይደለም» አሉ። በኮምፒውተር ገልብጬው ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። «ፎቶ ያየውን ነው የሚናገረው ሲሉ እሰማ ነበር» አሉና ጆንያቸውን ሊያዩ ወጡ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! አባቴ በሕይወት ሳለ የቀኙንና የግራውን በሬ በስም እጠራ ነበር። በሬ ሲጠመድ እያየሁ አድጌ፣ ሳልጠራጠር ገለበጥኩት። ያፈርኩት በዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለብሩክ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት። ሳቀ።

«የሺ፣ በሬ በሬ ነው። አዲስ አበባ ማን ያውቅብሻል?»

«ሰውየው አወቁ።»

«ሰውየው ቲኬት አይቆርጡም።»

ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ባነሩም በዚያው መልክ ታትሟል፣ አትንኪው፣ አለቀ አለኝ። አለቀ ሲል እንዴት እንደሚያስጠላ!

ዛሬ ከእሱ ሌላ ያናገርኩት ሰው የለም። የሻይ ቤቷ ልጅ ሻዩን አስቀምጣ ሄደች፣ ያም ከተቆጠረ። ቤት ስገባ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ሰው ያለ እንዲመስል። እማዬ በነበረችበት ጊዜ ሬዲዮ ዝጊ ነበር የምላት። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ «ምን ትሠሪያለሽ እዚያ፣ ቤቱን ቆልፈሽ ነይ» ይሉኛል። እናቴ የሞተችበትን ቤት እንዴት እንደሚቆልፉት አላውቅበትም። ያ ብቻ ነው ምክንያቱ። ሌላ ምክንያት ስጠየቅ የምደረድረው ሁሉ ሐሰት ነው።

አንድ ነገር ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገጽ ሠርቻለሁ። «አሪፍ ነው» ይሉኛል፣ «ቀለሙን ትንሽ ደመቅ» ይሉኛል። ቁጭ ብሎ፣ ጠጋ ብሎ፣ ሥራዬን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጋሽ ጥላዬ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ስህተቴን አገኙ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ወፍጮው ዝግ፣ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ጋሽ ጥላዬን ከቅጥሩ ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንደ ወትሮው አልተነሱልኝም። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ምን አጠፋሽ ልጄ፣ ሥራሽ ነው» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩት።

«ቦራ በነሐሴ ገደል ገባብኝ። ጭጋግ ነበር፣ ሣር ተከትሎ ወረደ። ሬሳውን እንኳ ያገኘነው በሁለተኛው ቀን ነው። ቤት ሁሉ ሲያዝን እኔ ግዴለም፣ ፎቶው አለ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች አንስተውታል አልኳቸው። የልጅ ልጆቼ በሬያችን ይሄ ነበር እንዲሉ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «አንቺ ዘንድ ያየሁት ግን ሌላ በሬ ነው። ቦራን የሚመስል ሌላ።»

በሬው መሞቱን አላውቅም ነበር። ሦስት ወር፣ እዚሁ አንድ ከተማ ውስጥ ሆኜ፣ ማንም አልነገረኝም። ማንንስ ጠይቄ!

ዓርብ፣ ኅዳር 13

አደረግኩት።

ፎቶውን መልሶ መገልበጥ አንድ ጠቅታ ነው። ሌላው ግን ሁሉ ተናደ። የፊልሙን ስም ወደ ግራ አመጣሁት፣ በሬዎቹ ወደ እሱ እንዲሄዱ። ስሙ ሲመጣ ቪዲዮው ቦታ አጣ። ቪዲዮውን ወደ ታች ሳወርደው ተዋንያኑ ተጨናነቁ፤ ዋናዋ ተዋናይ ጭራሽ ግማሽ ፊቷ ተቆረጠ፣ እሷን ደግሞ ማን ይችላታል። ከጠዋት ጀምሮ ስጎትት ስገፋ ዋልኩ። ትናንት በበዓሉ ሳይፈጭ የቀረው ገብስ ሁሉ ዛሬ ስለመጣ ወፍጮው አላረፈም። ኮምፒውተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ሁለተኛው ላይ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፣ እጄ አሁንም ያመኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወፍጮ ፈጪው ወንፊት ሊቀይር አቆመ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ጫንኩት።

ከበፊቱ ያምራል። ይሄን የምለው ራሴን ለማጽናናት አይደለም፤ በእውነት ያምራል። ስሙ ቀድሞ ይነበባል፣ ከዚያ በሬዎቹ ይመጣሉ።

ለብሩክ አልነገርኩትም። ፈርቻለሁ። ሁለቱ ፊልሞች ከእጄ እየወጡ እንደሆነ ይሰማኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ አዲስ አበባ ፊልሙ ይመረቃል። «ብትመጪ ደስ ይለን ነበር» የሚል መልእክት ትናንት ማታ ከፊልሙ ሰዎች ደረሰኝ፤ አውቶቡሱ በሌሊት እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው በዋዜማው ማታ አይጋብዝም።

ጋሽ ጥላዬን ሰው ልኬ አስጠራኋቸው። መጡ፣ ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው። ፎቶውን ከፈትኩት። እንደዚያ ቀን ጠጋ አሉ። ጣታቸውን አንስተው ነጩን ግንባር ነኩት።

«አዎ። ይሄ ቦራ ነው።»

ጣታቸውን ከግንባሩ ላይ ሳያነሱ ቆዩ። በመሀል ስልኬ ጮኸ፣ ብሩክ። «ማነው የገለበጠው?» እኔ ነኝ አልኩት። ልክ ያልነበረው የበፊቱ ነው አልኩት። ከኋላው ሰው ይንጫጫል፣ ሙዚቃ አለ። «አሁን ጊዜ የለኝም፣ ሰኞ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው። ከድምፁ ምንም መለየት አልቻልኩም።

ጋሽ ጥላዬ ገጹን ወደ ታች እንዳወርድላቸው ጠየቁ። ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፣ ያነባሉ። የተዋንያኑን ስም አንድ በአንድ አነበቡ፣ የካሜራ ባለሙያውን፣ ምግብ ያበሰለችውን ሳይቀር። መጨረሻው ላይ ደርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ የታለሽ?»

«እኔ የለሁበትም፣ ጋሼ። ገጹን ብቻ ነው የሠራሁት።»

«ታዲያ ያረስሽው አንቺ አይደለሽም?»

ብሩክ ስምሽን አታድርጊ ብሎኝ አያውቅም። ከእሱ በፊት ገጽ ያሠሩኝም አላሉኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ላደርገው አላሰብኩም፣ እውነቱ ይሄ ነው። እሳቸው እያዩኝ ከታች ጻፍኩት። አዲስ አበባ የሚጠሩኝን «የሺ»ን አይደለም፣ ሙሉውን፣ ከነአባቴ።

ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ዳዊት አነበቡት። የሺእመቤት ካሉ በኋላ የአባቴ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ያውቁት ነበር። እማዬ ካረፈች ወዲህ ስሜን ሙሉውን የጠራ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጋሽ ጥላዬ ስለ በሬው ያለቀስኩ መሰላቸው። ከዘራቸውን አንስተው አጠገቤ ቆሙና «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ያን ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ» አሉኝ።

አላረምኳቸውም።