የአውሮፕላኑ ብርድ ልብስ

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። እኛ ደህና ነን፤ ባምባሲ ዘንድሮ በቆሎው አምሯል።

አንቺ ዘንድ ሰንብቼ ስመለስ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ብርድ ልብስ አልብሳኝ ነበር። ለእንግዳ የሰጡትን ጥሎ መውረድ ነውር ነውና ይዤው መጣሁ። የንስሐ አባታችን እኛ ቤት ሲያድሩ በክብር እሱን አለበስኳቸው። ጠዋት አንገታቸው ቀልቶ አባብጧል፤ እሳቸው ግን ጨዋ ናቸውና "ደህና አደርኩ" ብለው ሄዱ። ብርድ ልብሱን ባየው ጠርዙን ይዞ ትኋን ተደርድሯል፤ ደም ጠጥቶ እንደ ምስር አብጧል። አንዱን በጥፍሬ ብጨፈልቀው ግማቱ ከእጄ አልለቅ ብሎ፣ እህል ስጎርስ ያቅለሸልሸኛል።

በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስንመጣ ቅማል ወርሮን ነበር፤ እሱስ የችግር ነው። ሽቶ የተቀባች ልጅ ፈገግ ብላ ትኋን ታለብሰኛለች ብዬ ግን አላሰብኩም። ብርድ ልብሱን አቃጠልኩት፤ አልጋውንም በፈላ ውሃ አጠብኩት። አባታችን ግን ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ አላደሩም።

እመብርሃን ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እባክሽ ልጄ፣ ለፋሲካ ስትመጪ ብርድ ልብስ ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ሻንጣሽን ከደጅ ፀሐይ ላይ ተዪው። አንቺ ግን እያከክሽም ቢሆን ግቢ።

እናትሽ ውድነሽ